ኢንተርንሺፕ በስፖርት ውድድር ዝግጅት፦ ከትብብር ደብዳቤው እስከ ውድድሩ ማግስት

የስፖርት ሳይንስ ወይም የስፖርት ማኔጅመንት ተማሪ ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱ ይገጥመዋል። ወይ ቢሮ ተቀምጦ ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ ይከርማል፣ ወይ ውድድር ቦታ ሄዶ ባጅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሞ ይውላል። ወሩ ያልቅና ሪፖርት ልጻፍ ሲል የሚጽፈው ያጣል። እኔም በተማሪነቴ በዚህ አልፌያለሁ። አሁን በጎዳና ሩጫና በእግር ኳስ ውድድር ዝግጅት ላይ ስሠራ በየዓመቱ ተማሪዎች ይመደቡልኛል። ከሁለቱም ወገን ሆኜ እንዳየሁት፣ ልምምዱ የሚጠቅመው ተማሪው የሚቆጠር ነገር በስሙ ሲረከብ ነው፦ አንድ በር፣ አንድ የውሃ ጣቢያ፣ አንድ የቲሸርት መጋዘን፣ አንድ የስም ዝርዝር። ቀጥሎ ያለው እዚያ ድረስ እንዴት እንደሚኬድ ነው።

1. ከመሥሪያ ቤቱ በፊት የውድድሩን ቀን ፈልጉ

ዲፓርትመንቱ «የምትወጡት በዚህ ወር ነው» ካለ በኋላ ቦታ መፈለግ ከጀመራችሁ የሚደርሳችሁ የተረፈው ነው። ልምምዳችሁ የሚውልበትን ወር አስቀድማችሁ ጠይቁና በዚያ ወር ወይም በቀጣዩ ምን ውድድር እንዳለ ተመልከቱ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የ10 ኪሎ ሜትር ዋና ውድድሩን የሚያካሂደው በኅዳር ነው። በኃይሌ ገብረ ሥላሴ መሥራችነት በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሯጮች ከተጀመረ ወዲህ በብዙ እጥፍ አድጓል፤ እንዲህ ዓይነት ውድድር ያለ ብዙ ሰው እጅ አይነሳም። ሴቶች ብቻ የሚሮጡበት የ5 ኪሎ ሜትሩ «ቅድሚያ ለሴቶች» አብዛኛውን ጊዜ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ ይውላል። ፕሪሚየር ሊጉ በጥቅምት አካባቢ ይጀምራል፣ የክለቦችና የክልሎች አትሌቲክስ ውድድር ደግሞ በበጋው ወራት ይበዛል።

ከውድድሩ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ግቡ፤ ካለፈ በኋላም አንድ ሳምንት ቆዩ። ለዕለቱ ብቻ የመጣ ተማሪ ጠረጴዛው ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ሳያውቅ ይመለሳል።

ከአዲስ አበባ ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፕሪሚየር ሊጉ በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባን፣ ጅማን፣ ባሕር ዳርን፣ ድሬዳዋንና ሐዋሳን እየዞረ ተካሂዷል። ውድድር በዚህ መንገድ አንድ ከተማ ላይ ሲያርፍ ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ሜዳ ይጫወታሉ፤ በቀን ከአንድ በላይ ጨዋታ ይኖራል። ዩኒቨርሲቲው ያለበት ከተማ ተረኛ ሲሆን አንድ ክለብ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጣችሁ የማታዩትን በሦስት ሳምንት ታያላችሁ። የዚያን ዓመት ተረኛ ከተማ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ትልቅ ውድድር ባይገኝም አትዘኑ። የከተማችሁ ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ የሚያዘጋጀው የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ የዩኒቨርሲቲው የራሱ የስፖርት ፌስቲቫል፣ አሰላ ያለው የጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ ማዕከል፣ እነዚህ ሁሉ ሰው ይፈልጋሉ። ትንሽ ውድድር ላይ ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው ኃላፊነት ትልቁ ላይ ለሦስት ዓመት ሠራተኛ ከሚሰጠው ሊበልጥ ይችላል።

2. የትብብር ደብዳቤውን እስከ ጠረጴዛው ድረስ ሸኙት

ከዲፓርትመንቱ የምትወስዱት ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ከተጻፈ ማንንም አይመለከትም። በመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ከተቻለም በክፍሉ ስም አስጽፉት፤ «ለ… ፌዴሬሽን፣ የውድድር ክፍል» እንደሚባለው። ልምምዱ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ሰዓት፣ የአማካሪ መምህራችሁ ስልክ ይግባበት። ማኅተሙ ፊርማው ላይ ማረፉን አረጋግጡ፤ በዚህ የተነሳ ተማሪ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ አይቻለሁ።

መዝገብ ቤት ስታስገቡ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን በራሳችሁ ቅጂ ላይ አስጽፉ። በሁለተኛው ቀን ተመልሳችሁ የምትጠይቁት «ደብዳቤዬ ደረሰ?» ብላችሁ አይሁን። «እትዬ፣ ትናንት በዚህ ቁጥር ገቢ የሆነው ደብዳቤ ወደ ማን ተመራ?» በሉ። ለዚህ መልስ አለው። የተመራለትን ሰው ስም ካወቃችሁ ሄዳችሁ ታነጋግሩታላችሁ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ገጽ የራሳችሁን ጽሑፍ አያይዙ። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ውስጥ ቶሎ የምቀበለው እንደዚህ ያለውን ነው፦

«የስፖርት ማኔጅመንት የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከጥቅምት 10 እስከ ኅዳር 30 በሳምንት አምስት ቀን መሥራት እችላለሁ፣ የውድድሩ ሰሞን ሌሊትም እመጣለሁ። ኤክሴል ላይ የስም ዝርዝር ማጥራትና መደርደር እችላለሁ፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ እናገራለሁ። በዩኒቨርሲቲያችን ውድድር የ12 ቡድኖችን የጨዋታ መርሐ ግብር አውጥቻለሁ። በተሳታፊዎች ምዝገባ ወይም በንብረት ክፍል ብመደብ ደስ ይለኛል።»

የስፖርት ፍቅራችሁን በሦስት መስመር አትግለጹ። የምትችሉትንና የምትገቡበትን ሰዓት ግን በቀጥታ ተናገሩ።

3. በመጀመሪያው ሳምንት መነጋገር ያለባችሁ

አብዛኛው ልምምድ ክፍያ የለውም። ስለ ትራንስፖርትና ስለ ምሳ መጠየቅ ግን ነውር አይደለም፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ከማኩረፍ በፊቱኑ መጠየቅ ይሻላል። በተለይ የውድድሩ ዕለት ሌሊት 10 ሰዓት ተገኙ ስትባሉ በምን እንደምትመጡ፣ ማታ ሲያልቅም በምን እንደምትመለሱ በግልጽ ይታወቅ። ይህን ለሴት ተማሪዎች አጥብቄ እላለሁ፦ መኪና ይመደብላችሁ ወይም ከአንድ አካባቢ የምትመጡ አብራችሁ ተንቀሳቀሱ። «እስቲ እናያለን» የሚለውን መልስ አትቀበሉ።

ከዚያ ጥያቄያችሁን አቅርቡ። «ምን ልርዳ?» ካላችሁ ለሚቀጥሉት ሁለት ሰዓታት የሚሆን ሥራ ይሰጣችኋል። «ጋሼ፣ እስከ ውድድሩ ድረስ በእኔ ኃላፊነት የሚሆን አንድ ነገር ይሰጡኝ፣ በየቀኑ ማታ ሪፖርት አደርጋለሁ» ብትሉ ግን አስተባባሪው ስለ አንድ ሙሉ ሥራ ማሰብ ይጀምራል።

4. የዝግጅቱ ሳምንታት

እዚህ ላይ ተማሪዎች ንቀው የሚያልፉት ክፍል ንብረት ክፍል ነው። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምልካችሁ እዚያ ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በብዙ ፌዴሬሽኖች ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። 40 የብረት አጥር፣ 25 የእጅ መገናኛ ሬዲዮ፣ 3,000 ቲሸርት በማን ፊርማ እንደወጣ የሚታወቀው በእነዚህ ወረቀቶች ነው። በእጃችሁ የገባ ዕቃ ሁሉ ቆጥራችሁ የፈረማችሁበት ይሁን። ካርቶኑ ላይ «100» ተብሎ ቢጻፍም ከፍታችሁ ቁጠሩ። ገንዘብ ተቀበሉ ከተባላችሁ በትሕትና እምቢ በሉ፤ ጥሬ ገንዘብ የተማሪ ሥራ አይደለም።

ቲሸርት ስታድሉ ሁለት ዝርዝር ይኑራችሁ፦ አንዱ በስም ፊደል፣ አንዱ በመሮጫ ቁጥር። ስሙን ያላገኘ ሰው በቁጥሩ ይገኛል። ስም በእንግሊዝኛ ሲመዘገብ «ጸጋዬ» በአራት ዓይነት ይጻፋል፤ ስለዚህ በስልክ ቁጥር መፈለግ የሚቻልበት ፋይል ላፕቶፑ ላይ ክፍት ይሁን። ሰልፉን የሚያስረዝመው ችግር ያለበት አንድ ሰው ነው። ችግር ላለባቸው ለብቻ አንድ ጠረጴዛ ከሰልፉ ወጣ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ እናንተም እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንድትመደቡ ጠይቁ። አንድ ቀን ሙሉ እዚያ የተቀመጠ ተማሪ የምዝገባው ሥርዓት የት የት ላይ እንደሚፈስ ከማንም በላይ ያውቃል።

የጎዳና ሩጫ ከሆነ መንገዱ ሲለካ አብራችሁ ሂዱ። ልኬቱ የሚሠራው ጎማው ላይ መቁጠሪያ በተገጠመለት ብስክሌት ነው፤ ብስክሌተኛው ሯጭ ሊሮጥበት የሚችለውን አጭሩን መስመር ይዞ፣ ኩርባ ላይ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይነዳል። መንገዱ እንዳያጥር ከሺህ አንድ እጅ ይጨመርበታል፤ በ10 ኪሎ ሜትር 10 ሜትር ማለት ነው። የእናንተ ድርሻ መኪና መጠበቅና ነጥቦቹን መመዝገብ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ምልክት «ከመብራት እንጨቱ 2 ሜትር ወደ አደባባዩ» እያላችሁ ጻፉ፣ ፎቶም አንሱ። በሳምንቱ ዝናብ ቀለሙን ቢያጥበው የሚያድናችሁ ይህ ማስታወሻ ነው።

5. የውሃ ጣቢያ

ተማሪ ሆኜ በአንድ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ «አንተ ውሃ ላይ ነህ» ተባልኩ። ከዚያ በላይ የነገረኝ የለም። ሌሊት አይሱዙ መጥቶ እሽግ እሽግ ውሃ አራግፎ ሄደ። አራት ጠረጴዛ ነበረን፣ አራቱንም ጎን ለጎን ገጥመን እንደ ግብዣ ገበታ ረዥም አድርገን ዘረጋን። መቀስ የያዘ አልነበረም። መሪዎቹ እንደ ነፋስ አለፉ፣ አንዳቸውም ውሃ አላነሱም፤ እኛም ቀላል ነው ብለን ተዘናጋን። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሕዝቡ ደረሰ። ፕላስቲኩን በቁልፍና በጥርስ እየቀደድን ማደል ያዝን። ሁሉም የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ቆመ፣ ከኋላ የመጣው ገፋ፣ አንዲት እናት ወድቀው ጉልበታቸው ተላጠ። ደማቸውን የጠረግሁት በራሴ ሹራብ ነበር። ዛሬም ተማሪ ውሃ ጣቢያ ስመድብ ያቺን ጠረጴዛ አስባለሁ።

እንዲህ አድርጉ። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ በጎዳና ውድድር ውሃ በግምት በየ5 ኪሎ ሜትሩ እንዲኖር ይጠይቃል። 5ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያላችሁ ከሆነ መሪዎቹ በ15 ደቂቃ ገደማ ይደርሳሉ፣ እየተራመደ የሚመጣው ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። 5,000 ሰው በዚያ መካከል በ45 ደቂቃ ቢያልፍ በአማካይ በደቂቃ ከ110 በላይ ነው፤ መሐል ላይ ሲበዛ ከዚያ እጥፍ አድርጋችሁ አስቡ። ጠረጴዛዎቹን አታገጣጥሙ። በመካከላቸው ቢያንስ አሥር እርምጃ ተዉ፣ ከተቻለም በመንገዱ ግራና ቀኝ ከፋፍሏቸው። ከመጀመሪያው ጠረጴዛ 30 ሜትር ቀድሞ አንድ ድምፁ ጎላ ያለ ልጅ ይቁምና «ወደፊት አለ! ወደፊት አለ!» እያለ በእጁ ያሳይ። እሽጉ ሁሉ ሩጫው ከመጀመሩ በፊት ይቀደድ። ቆብና ባዶ ፕላስቲክ አስፋልት ላይ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ከአዳዮቹ ሁለቱ ሥራቸው ማንሳት ብቻ ይሁን። ውሃው ግማሽ ላይ ሲደርስ ተጨማሪ እንዲመጣ በሬዲዮ ጥሩ፤ ሊያልቅ ሲል መጥራት ዘግይቷል። መቀስ ደግሞ በየኪሳችሁ ይኑር።

6. በር

ስታዲየም የተመደበ ተማሪ ጨዋታውን ለማየት ሜዳው ጠርዝ ላይ መቆም ይፈልጋል። በሩ ላይ ቁሙ። የውድድር ዝግጅት ትልቁ ጭንቀት ያለው እዚያ ነው።

ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም ካሜሩንና ኮሞሮስ በአፍሪካ ዋንጫ ሊጫወቱ ሲሉ በር ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ ስምንት ሰዎች ሞቱ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ፓትሪስ ሞትሴፔ በማግስቱ ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ እንደነበር ተናገሩ። ስለዚህ በር ላይ የተመደበ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» መሆን አለበት። ያ ሰው እስከ መጨረሻው ፊሽካ ከበሩ አይለይም፤ ስልኩም እናንተ ጋ ይኑር።

ቀጥሎ ሒሳቡን ሥሩ። በእንግሊዝ የስታዲየሞች ደህንነት መመሪያ ላይ አንድ መግቢያ በሰዓት ከ660 ሰው በላይ ያስገባል ተብሎ አይታሰብም። 6,000 ተመልካች በአራት በር ብታስገቡ በሰዓት 2,640 ነው፤ ሁሉም ለመግባት ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። በር የተከፈተው ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ከሆነ ከግማሽ በላዩ ሕዝብ ፊሽካው ሲነፋ ውጭ ነው፣ መግፋት የሚጀምረውም ያኔ ነው። እኛ አገር ፍተሻ ስላለ ደግሞ ከዚህም ይቀንሳል። በእጃችሁ ሰዓት ይዛችሁ በአምስት ደቂቃ ስንት ሰው እንደገባ በየሩብ ሰዓቱ ቁጠሩና ጻፉ። ወረቀቱን ለጸጥታ አስተባባሪው ስታሳዩ በሩ ቀድሞ እንዲከፈት የሚያደርግ በቂ ምክንያት ሰጣችሁት ማለት ነው።

ስቆጥር ብዙ ጊዜ ያገኘሁት አንድ ስህተት አለ። ለወንዶች አራት ፈታሽ ተመድቦ ለሴቶች አንዲት ሴት ፖሊስ ብቻ ትሆናለች። የሴቶቹ ሰልፍ ይቆማል፤ አብረዋቸው የመጡ ወንድሞችና ባሎች ገብተው ከበሩ ውስጥ ይጠብቃሉ፤ የሚገባው ሕዝብ በቆሙት ይዘጋል። ሁለት ሴት ፈታሾች ጨምሩና ከበሩ ውስጥ 20 ሜትር ገባ ብሎ የመገናኛ ቦታ ምልክት አድርጉ። በዚህ ብቻ የተከፈተ በር አውቃለሁ።

ከጥበቃዎችና ከፖሊሶች ጋር ስትሠሩ አክብሮት ይቅደም። «ጋሼ፣ እነዚህ በስህተት ወደዚህ መጡ፣ ባጃቸው ለ3ኛ በር ነው፤ ይዤያቸው ልሂድ?» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «የኛ እንግዶች ናቸው፣ ይግቡ» ማለት ሌላ። ባጅ የሌለውን ዘመድም ጓደኛም አታስገቡ።

ሕዝብ ሲበዛ ኔትወርክ ይጨናነቃል። የሬዲዮ ሰዎችን ስምና ቦታ፣ የአምቡላንሱንና የቀይ መስቀል ድንኳኑን ቦታ በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ያዙ። ሬዲዮ ላይ አጭር ተናገሩ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የት፣ ምን፣ ምን እንደሚያስፈልጋችሁ። የልጆች ውድድር ካለ ወላጅና ልጅ አንድ ዓይነት ቁጥር እጃቸው ላይ ይታሰርላቸው፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ልጅ ለማንም አይሰጥም፣ የሚጠይቀው ሰው የቱንም ያህል ቢቆጣ።

7. የአበረታች ቅመሞች ምርመራ ላይ ዕድል ካገኛችሁ

የኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ናሙና በሚሰበስብባቸው ውድድሮች ላይ የተመረጠውን አትሌት ማስታወቂያው ከደረሰው ጀምሮ የሚያጅብ ሰው ያስፈልጋል። ሥልጠና ሳይሰጣችሁ አትግቡበት። ሥልጠናውን ካገኛችሁ ሥራው አጭር ይመስላል፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፦ አትሌቱ ቃለ ምልልስ ሲሰጥም ሆነ ሜዳሊያ ሲቀበል ከዓይናችሁ አይውጣ፤ የሚጠጣውን የታሸገ ውሃ ራሱ መርጦ ይክፈት። ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ሽንት ያስፈልጋል፤ ፈሳሹ ከሰውነቱ ያለቀ ማራቶን ሯጭ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለማንም ማውራት የለም። ከአትሌቱ ጋር ፎቶ መነሳትም እንዲሁ።

8. ሎግ ቡክና ሪፖርት

ሎግ ቡክ (የየዕለቱ ሥራ መመዝገቢያ ደብተር) ላይ «ዛሬ በውድድር ዝግጅት ተሳተፍኩ» ተብሎ ሰላሳ ቀን ከተጻፈ አማካሪው የሚያነበው ነገር የለውም። በዚያው ማታ፣ ድካሙ ሳይወጣ ይጻፍ፦

«ኅዳር 3። መጋዘን። 1,200 ቲሸርት በሞዴል 22 ተረከብኩ። ስቆጥር 1,188 ሆነ፤ ሚዲየም ካርቶን 7 ውስጥ 12 ይጎድላል። ለንብረት ክፍል ኃላፊዋ አሳየሁ፣ ወረቀቱ ላይ ተስተካክሎ ተፈረመ። የሚዲየም ጠያቂ ከታሰበው በልጧል፣ ላርጅ ተርፏል።»

ከውድድሩ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ለብቻው አንድ ገጽ ስጡ፣ ለዩኒቨርሲቲው የሚገባውን ረዥም ሪፖርት ሳትጠብቁ። በያዛችሁት ነገር ላይ የታሰበው ስንት ነበር፣ የሆነው ስንት ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ምን ይቀየር፤ ይኸው ነው። «የሴቶች ፈታሽ ከ1 ወደ 3 ይደግ፤ 2ኛ በር ከጨዋታው ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ይከፈት» የሚል አንድ መስመር፣ ስለ ስፖርት ለሰላምና ለአንድነት አስተዋጽኦ ከሚጻፍ ሦስት ገጽ መግቢያ ይልቅ ይነበባል። ከተማሪዎች የተቀበልኳቸውን እነዚህን ወረቀቶች ፋይል አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የምንከፍተው እነሱን ነው።

9. ከመውጣታችሁ በፊት

የተረከባችሁትን ሬዲዮ፣ ባጅና ሰደርያ መልሱና የመለሳችሁበትን ወረቀት ቅጂ ያዙ። ከዚያ ደብዳቤ ጠይቁ። የተሳትፎ ሰርተፍኬት በጎ ፈቃደኛም ያገኛል፤ እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁና ምን እንደሠራችሁ የሚዘረዝር ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋን ሥራ ላለማብዛት ረቂቁን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ስጡ፦ «ከጥቅምት 10 እስከ ኅዳር 30 በንብረት ክፍል የ3,000 ቲሸርቶችን ርክክብና ዕደላ አስተባብራለች፤ በውድድሩ ዕለት የ5ኛ ኪሎ ሜትር ውሃ ጣቢያን ከ14 በጎ ፈቃደኞች ጋር መርታለች።» የውድድሩ ሰሞን ሳያልፍ፣ አስተባባሪው ለቀጣዩ ውድድር ወደ ሌላ ከተማ ሳይወጣ ይሁን። ሲሰጧችሁም ማኅተም ከመመታቱ በፊት ስማችሁ ከመታወቂያችሁና ከዩኒቨርሲቲ መዝገባችሁ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን፣ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ መገለጹን፣ የወጪ ቁጥር መኖሩን እዩ። ሁለት ዋና ቅጂ ጠይቁ፤ አንዱ ዲፓርትመንቱ ፋይል ውስጥ ይቀራል።